ሐኪም ሲያየው የሚድን ጉልበት

ሥራዬ ዊልቸር መግፋት ነው። ዴንቨር አየር ማረፊያ ውስጥ መራመድ የከበዳቸውን መንገደኞች ከበር እስከ በር አደርሳለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ስለሆነ አንዳንዱ መንገደኛ ሲያየኝ ወንበሩ የመጣው ለእኔ ይመስለዋል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሾላ ገበያ ላይ አልሄድም ያለ ሙክት ስጎትት የኖርኩ በግ ነጋዴ ነኝ። ሰው ከሙክት ይቀላል። መንገድ ላይ አይተኛም፤ ቢተኛም መንኮራኩር ላይ ነው።

ታዲያ መስከረም መጨረሻ ላይ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እየገፋሁ ስሄድ ግራ ጉልበቴ አልታጠፍም አለ። ማበጥ ከጀመረ ሰንብቷል፤ በዚያ ቀን ግን ሐብሐብ አክሎ ሱሪዬን ወጥሮታል። አንድ እርምጃ እሄድና እቆማለሁ፤ አንድ እሄድና እቆማለሁ። አሮጊቷ ዞር ብለው አዩኝ። ደግመው አዩኝ። በመጨረሻ ተነሱና ክንዴን ይዘው በገዛ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። አልቀመጥም ብዬ ብታገልም ጉልበቴ ከእሳቸው ወገን ሆነ። እንዲህ አድርገው ሃያ እርምጃ ያህል እንደገፉኝ አለቃዬ ማሪያ ከፊት ለፊት ብቅ አለች።

ማሪያ ደግ ሴት ናት። አልጮኸችብኝም። አሮጊቷን አመስግና ሌላ ሰው መደበችላቸውና ወደ እኔ ዞረች።

"ፓፓ፣" አለችኝ፤ እዚያ ሁሉም ፓፓ ነው የሚለኝ፤ "ቤትህ ሂድ። ምን እንደያዘህ ሐኪም ይጻፍልህ። የበሽታው ስም ያለበት ወረቀት ካመጣህልኝ ቦታህን እይዝልሃለሁ። የኅዳሩ በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ ሲደርስ ግን ሰው ይጎርፋል፤ ያለ ወረቀት ከዚያ በላይ መያዝ አልችልም።"

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። በሰባ አንድ ዓመቱ አንዴ ከሥራ የወጣን ሰው ማን መልሶ ይቀጥረዋል? ቤት ከዋልኩ ደግሞ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ። ልጄ ሰሚራ ቫኪዩም ስታደርግ "አባዬ፣ እግርህን አንሳ" ትለኛለች፤ ትንሽ ቆይታ አንሳ ማለቱንም ትታ ከሶፋው ጋር አብራ ታጸዳኛለች። ስለዚህ ለጉልበቴ በስድስት ሳምንት ውስጥ ስም ማግኘት ነበረብኝ።

ስም አውጪስ አልጠፋም። ሃቫና ስትሪት ላይ ከጀማል የቅመማ ቅመም ሱቅ ጓሮ ሦስት ወንበሮች አሉ፤ ሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ በከተማው የሚስተካከለው አይገኝም ነበር። ቀጠሮ አይጠይቅም፣ ኢንሹራንስ አይጠይቅም፣ ሕመምተኛውንም ምንም አይጠይቅም።

"ሪህ ነው ሐጂ፤ ከሥጋ ይራቁ" አለኝ ጀማል፤ በግማሽ ልቡ ሚዛኑን እያየ። (ሐጂ የሚሉኝ ሐጅ ሄጄ አይደለም፤ ፂሜን አይተው ነው። አልሄድኩም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ትሕትና መሰላቸውና ጭራሽ አከበሩኝ።)

"ምን ሪህ ነው!" አለ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ በቀለ። "ብርድ ነው። ያ አየር ማረፊያ እንደ ፍሪጅ ነው። ሰውዬው ራሱን ሥጋ ቤት ውስጥ ሰቅሎ ይውላል።"

"ስኳርም ሊሆን ይችላል" አለ ጀማል።

"ስኳር እግር ያሳብጣል እንጂ ጉልበት ያሳብጣል?"

"ጉልበት እግር አይደለም እንዴ?"

ሁለቱ ጉልበት እግር ነው አይደለም ሲባባሉ እኔ ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለብቻዬ ነው። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ጫማዬን ጠረግኩ፣ ፂሜን አበጠርኩ። የተማረ ሰው ፊት ተጎሳቁሎ መቅረብ ባለቤቱንም ቤተሰቡንም ያሰድባል። ገና ልጅ የሚመስል ዶክተር በሩን ከፍቶ ሲገባ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውነቴ በራሱ ተስፈነጠረ። ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፣ ዓይኔ ውኃ ሞላ፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ አልኩለት። ደስ አለው።

አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ስሟን ብጠይቃት ቁጥር ነገረችኝ፤ ሕጋቸው ነው አሉ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ደህና ነን አባቴ። ዶክተሩ እንዴት ነዎት እያሉ ነው።"

"እኔማ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እሱስ እንዴት ነው? ሚስቱ፣ ልጆቹ?"

ተረጎመችለት። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝ።

"ደህና ነኝ ብለዋል።"

"ልጆቹስ?"

"ልጅ የላቸውም አባቴ።"

"አይዞህ፣ አላህ ይሰጥሃል በይልኝ።"

ይህንንም ተረጎመች። ዶክተሩ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ ሕመሜ ከአንድ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አሰብኩት። የወለደች ሴት ባለችበት ዓለም ወንድ ልጅ ስለ ጉልበቱ ስምንት ብሎ መናገሩ ያሳፍራል። ሁለት አልኩ። መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ አለኝ፤ አልወስድም አልኩ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ በሎሚ፣ ጥቁር አዝሙድ በዘይት እወስዳለሁ፤ ይህ ግን ምግብ ነው።

ማታ ሰሚራ ዶክተሩ የጻፈውን በስልኳ ከፈተች። ሰሚራ እዚህ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ይቀድማል።

"አባዬ፣ ሊስን። ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገርህ? 'የሰባ አንድ ዓመት፣ ፕለዘንት፣ ጥሩ አለባበስ ያለው ሰው።'"

"ፕለዘንት ምን ማለት ነው?"

"ደስ የሚል ማለት ነው።"

"እሱም ደስ የሚል ልጅ ነው።"

"አባዬ! ስማኝ። 'ደህና ነኝ ይላል። ከወንበር ያለ ምንም ችግር ይነሳል። ሕመም፣ ሁለት። የጉልበት እብጠት፣ ከእድሜ ጋር የተያያዘ።' ቤት ውስጥ ከሶፋ ለመነሳት እኔንና ግድግዳውን ትይዛለህ፤ እዚያ ስትሄድ ወታደር ትሆናለህ!"

ማሪያ ጋ ደውዬ እድሜ የበሽታ ስም ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "ፓፓ፣" አለችኝ፣ "እድሜማ እኔም አለኝ።"

አሁን ለሐኪሙ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያለፈውን አረፋ ያከበርነው ፔንስልቬንያ፣ ከሰሚራ አማት ከሐጂ ሸምሱ ዘንድ ነው። (እሳቸው እውነተኛ ሐጂ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ሄደዋል።) ሴቶቹና ልጆቹ ሥጋ ቤት የሄድን መስሏቸው ቤት ቀሩ፤ እኛ አራት ሽማግሌዎች አንድ ገበሬ ዘንድ በግ ልንመርጥ ሄድን። መራጩ እኔ ነኝ። በዚህ አገር በግ የሚያውቅ ሐበሻ ሲጠራ የእኔ ስም ይነሳል፤ አረፋ ሲደርስ ከሌክውድ እስከ ኦሮራ ስልኬ አያርፍም። የአሜሪካ በግ ላት የለውም፤ ላት የሌለውን በግ መገመት ደግሞ ፊቱን የሸፈነ ሰው እድሜ እንደ መገመት ነው። ስለዚህ ወገቡን መጨበጥ፣ ጥርሱን ማየት፣ አንስቶ መመዘን አለብኝ። ጥሩው በግ እንደ ልማዱ ሩቅ ነበር፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ወገብ በሚደርስ ሳር ውስጥ። ገባሁ። ሦስቱም ተከተሉኝ። ጨበጥኩት፣ አየሁት፣ አነሳሁት፤ ከዚያም ጮክ ብዬ ፈረድኩ፦ "ይህ በግ እንከን የለውም።" የአረፋ በግ እንከን ሊኖረው አይገባም፤ የሃያ ሰው የዒድ በግ በእኔ ቃል ታረደ።

ወደ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከተመለስኩ በኋላ ውዱእ ሳደርግ ከግራ ጉልበቴ ጀርባ አንድ ነገር ነካሁ። መዥገር! ሽምብራ አክሎ፣ ጠግቦ፣ ተመቻችቶ። ትኬት ሳይቆርጥ፣ ሳይፈተሽ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አብሮኝ ተሳፍሯል። እንዴት እንደሚነቀል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነቅዬ ሽንት ቤት ጥዬ ውኃ ለቀቅኩበት። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። "በጉ መዥገራም ነበር፤ በግ አዋቂው ደግሞ አላየውም" ይላል። ከሳሩ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም በአንዲት መዥገር ሊፈርስ ነው።

ወር ሳይሞላ ደግሞ ግማሽ ፊቴ ወደቀ። አፌ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ግራ ዓይኔ አልከደን አለ፣ ሻይ ስጠጣ ግማሹ ለእኔ ግማሹ ለሸሚዜ ሆነ። በቀለ እንዳየኝ "ምች ነው!" ብሎ ከጓሮው ዳማከሴ ቆርጦ አሽቶ አጠጣኝ። ሰሚራ በዚያ ሰሞን ልጆቿን ይዛ አማቶቿ ጋ ነበረች፤ በቪዲዮ ስትደውል በደህናው ጎኔ ብቻ አነጋገርኳት። "አባዬ፣ ለምን ዞር ብለህ ታወራለህ?" ስትለኝ "መስኮቱን እያየሁ ነው" እላለሁ። አምስት ሳምንት መስኮት አየሁ። ፊቴ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በቀለ ግን እስከ ዛሬ ያዳንኩት እኔ ነኝ ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ሁለተኛዋ ሐኪም ጋ የሄድኩት። የመገጣጠሚያ ሐኪም ናት፤ ቢሮዋ ሌክውድ ነው። ታንክስጊቪንግ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰሚራ ከሥራ ቀርታ አብራኝ መጣች፤ መኪና ውስጥም ሕግ አወጣች።

"አትነሳም። ደህና ነኝ አትልም። ስለ ልጆቿ አትጠይቅም።"

"ሰላምታስ?"

"አንድ ሰላምታ።"

በሩ ተከፈተ። የገባችው ዶክተር ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ሴት ናት። እናንተው ፍረዱ፤ ሽበት ያላት ሴት ስትገባ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይቻላል? ብድግ አልኩ። ሰሚራ ኮቴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። እኔ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች፤ ኮቱ ተረተር አለ፣ እኔም ወደቅኩ። የወደቅኩት ግን ወንበሬ ላይ አይደለም፤ ባለ መንኮራኩሯ የዶክተሯ መቀመጫ ላይ ነው። ወንበሯ ይዛኝ በረረች። ክፍሉን አቋርጬ፣ የክብደት መለኪያውን ገጭቼ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአጽም ሥዕል ሥር ቆምኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስገፋ ኖሬ ያለ ገፊ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

"ደህና ነዎት?" አለች ዶክተሯ።

"ደህና ነኝ፣ አልሐምዱ..." ሰሚራ አየችኝ። "ደህና አይደለሁም" አልኩ።

ዶክተሯ ጉልበቴን ዳበሰች፤ መርፌ አስገብታም አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ቢጫ ውኃ ቀዳች። ቀጥላ አስተርጓሚ በስልክ አስጠራች። ድምፁን እንደሰማሁ አወቅኩት፤ ያቺው ባለ ቁጥር ልጅ ናት። በዴንቨር አማርኛ የሚናገር ሁሉ ቢበዛ በሦስተኛ ሰው ይተዋወቃል።

"አባቴ፣ ዶክተሯ መዥገር ነክሶዎት ያውቃል ወይ እያሉ ነው።"

"መዥገር? ምን ቆርጦት!"

"መዥገር የሚያመጣው የጉልበት በሽታ ኮሎራዶ ውስጥ ብዙም አይታይም ይላሉ። ወደ ምሥራቅ በኩል ሄደው ነበር?"

"ፔንስልቬንያ ሄደን ነበር" አለች ሰሚራ። ዶክተሯ ቀና አለች። ሳር ውስጥ፣ እርሻ ውስጥ፣ ጫካ ውስጥ ገብተው ነበር ወይ? ሰሚራ ሳቀች። "ኖ፣ ኖ። ቤት ውስጥ ነበርን። አባዬ ምግብ ነው የበላው።"

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። የእርጅና ሪህ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ በሦስት ወር ተመለሱና ካልተሻለው ሌላ ምርመራ እናስባለን አለች። ወረቀትስ አለች ሰሚራ። ስሙን እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ እጽፋለሁ አለች ዶክተሯ፤ ኮምፒውተሯንም ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

ሦስት ወር! ማሪያ ሁለት ሳምንት ነው ያላት። በአንድ በኩል ሥራዬ አለ፣ በሌላ በኩል ስሜ። ሶፋው ታየኝ። የቫኪዩሙም ድምፅ ተሰማኝ።

"ልጄ፣" አልኳት አስተርጓሚዋን፣ "የማን ልጅ እንደሆንሽ አልጠይቅሽም። አንቺም የማን በግ እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።"

"እሺ አባቴ።"

"ነክሶኛል።"

"ዋት?" አለች ሰሚራ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። አጥሩን፣ ሳሩን፣ መዥገሩን፣ የወደቀውን ፊቴን፣ ዳማከሴውን፣ መስኮቱን። ሰሚራ መጀመሪያ በአማርኛ ተቆጣች፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፤ በመጨረሻ እጄን ያዘች፤ እሱ ባሰብኝ። ዶክተሯ ግን ወንበሯን ወደ እኔ እየሳበች መጣች። መዥገሩ ምን ያህል ነበር አለች፤ በጣቴ አሳየኋት። ስንት ቀን ቆየ አለች፤ ሦስት። ሴቷ ናት አልኳት፤ ወንዱ እንዲህ አይጠግብም። ዶክተሯ እንዴት ታውቃለህ አለች፤ እኔም የሠላሳ ዓመት ትምህርቴን አስተማርኳት። የተማረ ሰው እኔ የነገርኩትን ሲጽፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"አንድ ነገር ጨምሪ በያት፣" አልኩ። "ከሳሩ ነው እንጂ ከበጉ አይደለም። በጉ እንከን አልነበረውም። ይህም ይጻፍልኝ።"

አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ተረጎመች። ዶክተሯም፣ አላህ ይስጣት፣ ጻፈችው።

ደም ተወሰደ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፦ ላይም የሚባል በሽታ ነው፣ መዥገር የሚያመጣው። ፊቴንም ያጣመመው፣ ጉልበቴንም ያሳበጠው እሱው ነው፤ የአንድ ወር ኪኒን ታዘዘልኝ። ወረቀቱን ይዤ ታንክስጊቪንግ ሦስት ቀን ሲቀረው በባቡር አየር ማረፊያ ሄድኩ። ማሪያ አነበበችው፣ ስሙን በጣቷ ነካች፣ "ፓፓ፣ በጥር እጠብቅሃለሁ" አለችኝ። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው አልተመደበም። ደስታዬን በልኩ ለመደበቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ደስታው የቆየው እስከ ማግስቱ ነው። ሰሚራ ምስጢር ትይዛለች፤ የምትይዘው ግን ከባሏ ጋር ነው፣ ባሏ ደግሞ ከእናቱ ጋር ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ሸምሱ ከፔንስልቬንያ ደወሉ። ስማቸውን ስልኬ ላይ አየሁት። እሳቸው ባሉበት መስጊድ የእኔ ስም ከእንግዲህ በምን እንደሚነሳ ገምቼ ቁጭ አልኩ። ሰላምታው ረዘመ። ልጆቹ፣ ብርዱ፣ የመኪናቸው ጎማ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"ሐጂ፣ ነገሩን ሰማሁ።"

"ከሳሩ ነው እኮ፣ ሐጂ፤ በጉ..."

"በጉን ይተዉት። የትኛው ጉልበትዎ ነው?"

"ግራው።"

"የእኔ ቀኝ ነው።"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ መልሼ ለጠፍኩት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነሐሴ። እኔም መዥገር ነቅዬ ጥያለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ወድቄ ነው አልኩት።"

"ለምን?"

"ምን ልበል ታዲያ? አማቼ መርጠው ያሳረዱትን በግ በሐኪም ፊት ላሳማ? የእርስዎ ስም ከሚነሳ ጉልበቴ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው።"

እኔ ስሜን ስጠብቅ እሳቸውም ከሁለት ሺህ ኪሎሜትር በላይ ርቀው፣ እያነከሱ፣ ያንኑ ስሜን ሲጠብቁልኝ ከርመዋል። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና እውነቱን ይንገሩ ብዬ ለመንኳቸው።

"በአፌማ አልለውም፣" አሉ። "ሐኪሙ ፈረንጅ ቢሆንም ሰው ያፍራል። ያቺን ወረቀትዎን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ራሱ አንብቦ ራሱ ይጠይቀኝ። እኔ ምንም አላልኩም ማለት ነው።"

ላክኩላቸው። በሳምንቱ ኪኒን መጀመራቸውን ነገሩኝ።

ይኸው ትናንት ደግሞ ከጁሙዓ ሰላት ስመለስ ከማላውቀው የፔንስልቬንያ ቁጥር ተደወለልኝ። አንድ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ያን ቀን ሳሩ ውስጥ እያፏጨ ከኋላዬ ይከተለኝ የነበረው ነው። ሰላምታ አቀረበ። ሳለ። እንደገና ሰላምታ አቀረበ።

"ሐጂ፣ ሸምሱ ስለ አንዲት ወረቀት ነግሮኝ ነበር..."

"እልክልዎታለሁ፣" አልኩ። "የትኛው ጉልበት ነው?"

እንደገና ሳለ።

"ሁለቱም" አለኝ።